ሰሙን ሳያዩ ወርቅ ፍለጋ

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡና ሥዕል ፊት የቆመን ሰው ሰዓት ይዛችሁ ተከታተሉ። መጀመሪያ ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈችውን ጽሑፍ ያነባል። ቀጥሎ ሥዕሉን ያያል፤ ማየት ከተባለ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። መጨረሻ ላይ አብሮት ወደመጣው ሰው ዞሮ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ይላል። ያኛውም መልስ አያጣም፤ «አንድነትን ነው»፣ «የእናት ፍቅርን ነው»፣ «የቅኝ ግዛትን ግፍ ነው»። ሁለቱም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ጽሑፉን ለማንበብ የወሰደባቸው ጊዜ ሥዕሉን ለማየት ከወሰደባቸው ይበልጣል።

ይቺን «ምን ለማለት ፈልጎ ነው» የምትል ጥያቄ አልወዳትም። ትሑት ትመስላለች፤ የማወቅ ጉጉት ትመስላለች። ሥራዋ ግን ዓይንን ከሥራ ማሰናበት ነው። መልሱ ሲገኝ ሥዕሉ አለቀ፤ እንደ ሙዝ ተልጦ ልጣጩ ይጣላል። «የሚከተለውን ምንባብ አንብባችሁ ዋና ሐሳቡን ጻፉ» እየተባልን ስላደግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ምንባብ ይመስለናል። ሠዓሊው ያለው ዋና ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም መግዛት ምን አስጨነቀው? ይጽፈው ነበር እኮ። እስክሪብቶ ከዘይት ቀለም በጣም ይረክሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ተነበቡኝ የሚሉ ሥዕሎች አሉ። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ «የአፍሪካ ቅርስ» አንዱ ነው፤ ግዙፍ ነው፣ በምልክት የተሞላ ነው፣ ሠዓሊውም ይህን አውቆ ነው የሠራው። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ክርክሬን የምጀምረው ትርጉም ፈላጊ እጁ ባዶ በሚቀርበት ሥዕል ነው፤ ሰው የሌለበት፣ ቅዱስ የሌለበት፣ ባንዲራ የሌለበት፣ ቤትና ዛፍ ብቻ ያለበት የኪዩቢዝም የመልክዓ ምድር ሥዕል።

ዦርዥ ብራክ የሚባል የ26 ዓመት ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በጋ (የእነሱ በጋ ነው፤ እኛ ጋ ክረምት ነበር) ማርሴይ አጠገብ ባለች ሌስታክ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተቀምጦ ቤቶቿን ሣለ። ሥዕሉ «ቤቶች በሌስታክ» ይባላል፤ የሚገኘው ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ነው። ቁመቱ 73 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ ብዙም አይበልጥ። በርን ድረስ ሂዱ አልልም፤ ስልካችሁ ላይ አውጡት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ስጡት። አሥር ደቂቃ ረዘመ ካላችሁ፣ ትናንት ማታ ስልካችሁ ላይ ጣታችሁ ስንት ሰዓት ስትንሸራተት እንዳመሸች አስቡ።

መጀመሪያ የሌለውን እዩ። ሰማይ የለም። ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ እየወጡ፣ ቅጠሉም መሐላቸው እየገባ፣ እስከ ሸራው የላይኛው ጫፍ ይደርሳሉ። የባሕር ዳር መንደር ነው ብያችኋለሁ፤ ባሕር ግን የለም። በር የለም፣ መስኮት የለም፣ መንገድም የለም። የለመድነው የመልክዓ ምድር ሥዕል ሁልጊዜ ግብዣ አለው፤ ከፊት ሜዳ፣ መሐል ላይ ወንዝ፣ ከኋላ ሰማያዊ ሆኖ የደበዘዘ ተራራ። ግቡ፣ ተንሸራሸሩ፣ እረፉ ይላችኋል። ይሄኛው አያስገባም። ዓይናችሁ ወደ ውስጥ ልግባ ስትል ግድግዳ ይመልሳታል፤ ቤቶቹ ወደ ኋላ በመራቅ ፈንታ ወደ እናንተ ይመጣሉ፣ ሊወድቁባችሁ ነው የሚመስለው።

አሁን ብርሃኑን ተከተሉ። አንዱ ቤት በአንድ ጎኑ ፈክቷል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በተቃራኒው። ታዲያ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? በየትም የለችም። ብራክ ጥላ ያስቀመጠው ፀሐይ ባዘዘችበት ቦታ አይደለም፤ አንዱ ገጽ ከሌላው ገጽ እንዲለይ በፈለገበት ቦታ ነው። ይህ ጠርዝ ወደፊት ይውጣ ካለ ጎኑን ያጠቁራል፣ ያኛው ይግባ ካለ ያፈካዋል። ጥላ በሥዕሉ ውስጥ የሰዓት ምልክት መሆኑ ቀርቶ እንደ ግንበኛ መዶሻ መሣሪያ ሆኗል።

ቀጥሎ አንድ ጣሪያ ምረጡና ጠርዙን በጣታችሁ ተከተሉ። ጀመራችሁ፤ መስመሩ ግልጽ ነው፣ ማዕዘኑ ሹል ነው። ትንሽ እንደሄዳችሁ መስመሩ ይጠፋል። ጣሪያው በዚህ በኩል ተዘግቶ በዚያ በኩል ክፍት ነው፤ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ይፈስሳል። ጣታችሁ ሳታውቀው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገብታለች። የቱ ቤት ፊት ነው? የቱ ኋላ ነው? አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይሆንባችኋል። በግራ በኩል ጋደም ብሎ የሚወጣው የዛፍ ግንድ ብቻ ነው ትንሽ እፎይ የሚያሰኛችሁ፤ ጎባጣ መስመር በተራበ ሥዕል ውስጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል።

ቀለሙስ? ሁለት ነው ማለት ይቻላል። የአፈር ቢጫና አረንጓዴ፣ መሐላቸው ግራጫ። ችኩል ዓይን «ደብዛዛ ነው፣ አያምርም» ብሎ ይሄዳል። ግን ይሄው ብራክ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ ይቺኑ ሌስታክን ሲሥላት በብርቱካናማ፣ በሮዝና በወይን ጠጅ ቀለም አንበሽብሿት ነበር። ስለዚህ ቀለም አጥቶ፣ ወይም ቀለም አልችል ብሎ አይደለም የቆጠበው። ቅርጹን ማየት ስለፈለገ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ውስጥ የሥጋውን ጣዕም ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? በሁለት ቀለም የተወሰነ ሰው እያንዳንዱን ቢጫ ከሌላው ቢጫ መለየት ግዴታው ይሆናል፤ የተመልካቹም እንደዚያው።

ብራክ ሥዕሎቹን ፓሪስ ለነበረው የመኸር ሳሎን ቢያቀርብ ዳኞቹ መለሱበት። ካንቫይለር የሚባል ወጣት የሥዕል ነጋዴ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በትንሿ ጋለሪው ሰቀለለት። ሉዊ ቮክሴል የተባለ ሐያሲ ደግሞ ሰውየው ሁሉን ነገር ወደ ኪዩብ ይቀንሳል ብሎ ጋዜጣ ላይ አላገጠበት። የኪዩቢዝም ስም የመጣው ከዚህ ዓይነት ላግጣ ነው። ቮክሴልን ብዙዎች እንደ ሞኝ ነው የሚጠቅሱት፤ እኔ ግን ከእኛ ተመልካች ይሻላል እላለሁ። ቢያንስ መጀመሪያ ያየው ቅርጹን ነው። ጠልቶትም ቢሆን አይቶታል።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ «እኛ እኮ የሰምና ወርቅ ሕዝብ ነን። ላዩን አልፎ ውስጡን መፈለግ ባህላችን ነው።» በዚህ አባባል ስንት ስንፍና ተሸፍኗል! እስቲ ዘይቤው ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ከወርቅ አንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ ሰሙ ለቆት በሄደው ባዶ ቦታ ይፈስሳል። ታዲያ ለወርቁ ቅርጹን የሰጠው ማን ነው? ሰሙ ነዋ! ሰሙ ላይ የተጣመመ መስቀል ወርቅ ሲሆን አይቃናም። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግሱን ሳይለይ፣ ቤቱን ሳይመታ «ወርቁን አገኘሁት» የሚል ተማሪ መምህሩ ፊት አንድ ደቂቃ አይቆምም። ሰምና ወርቅ ላዩን ዝለሉ የሚል ፈቃድ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ላዩን አጥብቃችሁ እዩ የሚል ግዴታ ነው።

ሁለተኛው መልስ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ነው። ይህ ዱላ ጎልቶ ያረፈው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ላይ ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1950ዎቹ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ ያላየችውን ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። «ኢትዮጵያዊነት የለውም» ተባለ። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሞተ። አሁን እንግዲህ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን የማያውቅ አለ? በየበዓሉ ይነበባል፣ በየገጹ ይለጠፋል፣ ድምፅ ሰጥተው የሚያነቡት ወጣቶች ዕንባ ያመጣሉ። መልካም። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱን ያዙና «ከገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች አንዱን፣ ቅርጹንና ቀለሙን ንገረኝ» በሉት። የአንዱን ሰው ቃሉን አቅፈን እጁን ቆርጠን ጥለናል። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከብሔራዊ ሙዚየም የእግር መንገድ ነው፤ ሩቅ ነው የሚል ሰበብ አይሠራም።

«የፈረንጅ ነው» የሚሉትን የሚቃወሙ ደግሞ በኢንተርኔት ሌላ ተረት አመጡ፤ «ኪዩቢዝምን ቀድመን የጀመርነው እኛ ነን፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እዩ!» ኧረ ተዉ። ይሄም ያው አለማየት ነው፣ ኩራት ለብሶ የመጣ። ፒካሶና ጓደኞቹ ከአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ መማራቸው እውነት ነው፤ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ ትሮካዴሮ ሙዚየም ውስጥ ያያቸው ግን በዋናነት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሥራዎች ናቸው፤ የጎንደር ድርሳን አይደለም። የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በራሱ ሕግ እዩት። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ሆኖ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሰይጣኑና ክፉው ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፒካሶ በኋላ በጎን በተሣለ ፊት ላይ ሁለት ዓይን አኖረ። ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን የተራራቁ ናቸው። የእኛ ሠዓሊ የዓይን ቁጥርን የሚጠቀምበት ማን ጻድቅ ማን ኃጥእ እንደሆነ ለመለየት ነው፤ ጠርዞቹም ጥርት ብለው የተዘጉ ናቸው፣ አንዱ ቀለም የሌላውን ድንበር አያልፍም። ብራክ ድንበሩን ነው የከፈተው። ልዩነቱን ማየት ሁለቱንም ማክበር ነው። «እኛም አለን» ማለት ግን የራሳችንን ሥዕል እንኳ በፈረንጅ መለኪያ መስፈር ነው።

ማየት አንችልም ወይ? እንችላለን፤ ማስረጃው ቋንቋችን ውስጥ አለ። ገበሬው በሬውን «ግራጫ» ብሎ አያልፍም፤ ዳለቻ ነው ወይስ ቡላ ብሎ ይለያል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለው ቦቃ ይለዋል። ለሰው ቆዳ ጠይም አለን፣ ቀይ ዳማ አለን፣ ጠየም ያለ፣ ቀላ ያለ እያልን ሠርግ ቤት ሙሽራዋን ስናማ ቀለም አዋቂዎች ነን። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ አመድማ ከአመድ ወስደናል። ይህ ሁሉ ቃል አተኩሮ ካየ ዓይን የመጣ ነው። ሥዕል ፊት ስንቆም ነው ድንገት ዕውር የምንሆነው፤ የበሬውን ቀለም የለየ ሕዝብ ልጅ ሸራ ፊት ቆሞ «ጨለም ያለ ነገር ነው፣ ሐዘንን ለማሳየት ይመስለኛል» ይላል።

ይህ ክርክር የሙዚየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። ከአምስት ኪሎ አንድ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ውጡና ወደ ፒያሳ ዙሩ። አራዳ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው ከጣሪያ ላይ ተደርቦ ነው የሚታየው፤ በር አይታይም፣ መንገድ አይታይም፣ አንዱ ቤት የት እንደሚያልቅ አይለይም። አዲሱ ቆርቆሮ ብርማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከጎኑ ያለው በዝገት ቀልቷል፤ መሐል ላይ የተጣፈችው ቁራጭ ሁለቱንም አትመስልም። የቆርቆሮው ሸንተረር በአንዱ ጣሪያ ወደ እናንተ ይሮጣል፣ በሌላው ወደ ጎን። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ይጠቁርና ፀሐይ የነካችው ጠርዝ ብቻ ይነጣል። ብራክ ሥዕል ላይ አሥር ደቂቃ የቆየ ዓይን ይህን ሁሉ ያያል። ያልቆየው «ሰፈር» ያያል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የነበረውን የፌስቡክና የቴሌግራም ጦርነት አስታውሱ። አንዱ ወገን «ታሪክ ነው፣ ቅርስ ነው፣ ትዝታችን ነው» ይላል። ሌላው «ቆሻሻ ነው፣ ድህነት ነው፣ ይነሣ» ይላል። ሁለቱም የሚጣሉት በትርጉም ነው። ዶሮ ማነቂያ ላይ የፈረሰ አንድ ቤት ጣሪያው ወደ የት ያዘነብል ነበር? ግድግዳው ምን ዓይነት ቢጫ ነበር፤ የኖራ ነው ወይስ የአፈር? በረንዳው ከጎረቤቱ በረንዳ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ምን ይመስል ነበር? ያለቀሰውም ያጨበጨበውም አብዛኛው መልስ የለውም። «ቅርስ» የሚለው ቃል ከሥዕሉ ጎን እንደተለጠፈችው ጽሑፍ ሆነ፤ እሱን አንብበን አለፍን። ያላዩትን ነገር መከላከል ይከብዳል፤ ሰውየው «ለምን ይቆይ?» ሲል የምትመልሱለት ስሜት እንጂ ነገር የላችሁም። አንድ ቤት ይቁም ወይ ይፍረስ ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ ቤቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ለማፍረስ ለሚከራከረውም ቢሆን።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እሱን በቀልድ አላልፈውም። «በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው እያለ አንተ የዝገቱን ቀለም ታደንቃለህ? ድህነት ለአንተ ሥዕል ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ቁጣ አለው። ግን እስቲ እዚያ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን እናት ጠይቋቸው። የትኛው ቆርቆሮ መቼ እንደተጣፈ ይነግሯችኋል። የትኛው ጥግ ከየትኛው ጥግ ዝቅ እንደሚል፣ ውሃው በየት በኩል ሾልኮ እንደሚገባ፣ የዝገቱ ቀለም ምን ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው እንደሚበሳ ያውቃሉ። ቅርጽና ቀለምን ከእሳቸው በላይ ያጠና ሐያሲ የለም። «ድህነት» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ በመኪና መስኮት አይቶ የሚያልፈው ነው እሳቸውን ያላያቸው። የቸርችል ጎዳና የቱሪስት ሱቆች ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ሥዕሎች፣ ጎጆዋ፣ ግራሯ፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ የምትጠልቀው ብርቱካናማ ፀሐይ፣ እነሱ ናቸው ድህነትን ጌጥ ያደረጉት፤ ምክንያቱም ማንም ማንንም አይቶ አልሣላቸውም። ትርጉማቸው ከሩቅ ይነበባል፤ «ኢትዮጵያ»። ጠጋ ስትሉ ምንም የለም።

የሥነ ጥበብ መምህራንን፣ አስጎብኚዎችን፣ የኤግዚቢሽን ካታሎግ ጸሐፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለአንድ ወር «ይህ ሥዕል የሚያሳየው» ብላችሁ ዓረፍተ ነገር አትጀምሩ። ይልቅ ዓይኑ ከየት ተነሥታ በየት በኩል እንደምትሄድ፣ የት እንደምትደናቀፍ ንገሩት። የትኛው ቀይ ከየትኛው ቀይ አጠገብ ሲቀመጥ እንደሚደምቅ አሳዩት። ልጁ «እና ትርጉሙስ?» ካለ «ቆይ፣ ገና መቼ አየኸው» በሉት። ትርጉም አይሸሽም፤ ካለ እዚያው ይጠብቃል።

እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል፣ አምስት ኪሎ ከሆናችሁ ደረጃ ያለው ሕንፃ አይጠፋም። ውጡ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ተዉት። ከፊት ለፊታችሁ ያለውን አንድ ጣሪያ ያዙና ጠርዙን በዓይናችሁ ተከተሉት፤ በየት በኩል ተዘግቷል፣ በየት በኩል ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ይፈስሳል? ጥላው ያረፈበት ዝገት ፀሐይ ካረፈበት ዝገት በምን ይለያል? ዳለቻ ነው፣ ቡላ ነው፣ ወይስ ገና ስም ያላወጣንለት ቀለም ነው?